ቅቤ የተቀባው ኤሊ

ኤሊ ሲታመም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም ነበር። እንዲያውም ኤሊ የሚታመም ፍጥረት አይመስለኝም ነበር። ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚሄድ፣ ኪራይ የማያሳስበው፣ ታክሲ የማይጋፋ፣ አለቃ የማይቆጣው ፍጥረት ምን አግኝቶት ይታመማል? አሁን ግን ስለ ኤሊ ቆዳ ጠይቁኝ። በቀደም አንድ ሠርግ ላይ ይህንኑ ሳወራ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሳህናቸውን ይዘው ሌላ ጠረጴዛ ሄደዋል።

ነገሩ የጀመረው አከራዬ እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ሊታከሙ ሐዋሳ፣ ልጃቸው ዘንድ የሄዱ ጊዜ ነው። እኔ ሀና ማርያም፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት እኖራለሁ። ቀን ቀን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። ላጤ ነኝ። እትዬ ዘነበችም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ብቻቸውን ስል ከቸኮለ በስተቀር ማለቴ ነው።

ቸኮለ ኤሊ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልየው ናቸው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። በሞያሌ መስመር ሲመለሱ አንድ ኤሊ አስፋልቱ መሀል ቆሞ አላሳልፍ ይላቸዋል። ጡሩንባ ቢነፉ አይሰማ፣ ቢሰድቡት አይቀየም። ሲመርራቸው ወርደው ብድግ አደረጉትና "ና በቃ፣ ከኔ ጋር ትቸኩላለህ" ብለው ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ይዘውት መጡ። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር አመሻሽ ላይ በሩን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ ለሱ ቲማቲም ሰጥተው ነው ሚስታቸውን ሰላም የሚሉት። እትዬ ዘነበች ይህን ሲያወሩ እስካሁን ትንሽ ይቀናሉ።

ሰውየው ከሞቱ በኋላም ቸኮለ ልማዱን አልተወም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እየተንፏቀቀ ወደ ግቢው በር ይሄድና የቆርቆሮውን በር በድንጋይ ልብሱ ይገጨዋል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እትዬ ዘነበችም "መጣሁ፣ መጣሁ" እያሉ ቲማቲም ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ እዚያው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሲያወሩለት ያመሻሉ። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ እሰማለሁ። የጎረቤት ወሬ ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ለሱ ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ቦርሳቸውን ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙና "ልጄ፣ ቸኮለን አደራ" አሉኝ። ቤቱን አደራ አላሉም። ዕቃውን አደራ አላሉም። ልትወስዳቸው የመጣችው ልጃቸው ሰናይት ደግሞ ወደ ጎን ወሰደችኝና "ስማ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዳታለቅስ ተብላለች፣ ዓይኗን ይጎዳዋል። ስትደውል ክፉ ወሬ እንዳታሰማት" አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ምንም አታስቡ አልኩ። ደረት መንፋት ምን ጊዜም መዘዝ አለው።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ግቢው ጭቃ፣ ሰማዩ ጭቃ። ይህን የአደራ ኤሊ በብርድ ላስመታው ነው እንዴ ብዬ ወደ ቤቴ አስገባሁት። ሳፋ ውስጥ እርጥብ የጎመን ቅጠል አንጥፌ፣ ከላይ አሮጌ ጋቢዬን አልብሼ፣ አልጋዬ ስር አስተኛሁት። ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውኃ አጥበዋለሁ። እኔ ራሴ በዚያ ብርድ ሰውነቴን የምታጠበው ሲያስገድደኝ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ወደ በሩ አወጣዋለሁ፣ ቋ ቋውን ይላል፣ ቲማቲሙን በልቶ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ አልበቃኝም። አንድ ቀን አንገቱን ሲዘረጋ አየሁት፤ የደረቀ፣ የተሸበሸበ፣ የተሰነጣጠቀ። ኤሊ ሁሉ አንገቱ እንዲያ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው በአጠገቤ አልነበረም። እናቴ ልጆች ሆነን ቆዳችን ሲነጣ ቅቤ ታሸን ነበር። እኔም ከኋላችን ካሉት ከጋሽ ቶሎሳ ለጋ ቅቤ ገዛሁ። ጋሽ ቶሎሳ ይሄ ሁሉ ቤት ሳይሠራ በፊት ጀምሮ እዚሁ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው፤ መሬቱ አልቆ ላሞቹ ቀርተዋል። ቅቤውን በጣቴ እየዛቅሁ አንገቱን፣ ብብቱን፣ እግሮቹን እንደ አራስ ልጅ አሸሁት። ቸኮለ ዓይኑን ጨፈነ። ደስ ብሎት መሰለኝ። አሁን ሳስበው ተስፋ ቆርጦ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ተንከባክቤው ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጋቢውን ስገልጥ አንገቱ ላይ ነጫጭ ነገር አየሁ። ቅቤው የረጋ መስሎኝ ጠረግሁት፤ ቆዳው አብሮ ተላጠ። እግሩ መታጠፊያ ውስጥ ደግሞ ቢጫ ቅርፊት ሠርቷል፣ ይሸታልም። ያን ቀን ምሽት ወደ በሩ ባወጣው አልንቀሳቀስ አለ። ቲማቲም አፍንጫው ስር ባስጠጋለት ዞር አለ።

ስልኬ ጮኸ። ቤቴ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይገባ ስልክ የማነሳው የግቢው በር አጠገብ ቆሜ ነው።

"ልጄ፣ ቸኮለ እንዴት ነው?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ደህና ነው እትዬ፣ በጣም ደህና ነው።"

"ቲማቲሙን በላ?"

"አሁን ጨረሰ።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ዘጉት። እጄ ላይ ያልተነካ ቲማቲም ይዤ ቆሜ ነበር። ሴትየዋ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ባላቸው ትተውላቸው የሄዱት ነገር እኔ አልጋ ስር እየሞተ ነው።

መጀመሪያ ያማከርኩት ከድርን ነው። ከድር ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ አለው፤ የሰፈሩ የጤና ጉዳይ ሁሉ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው። አየው፣ አገላበጠው፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ወላሂ ምች ነው" አለ።

"ኤሊን ምች ይመታዋል?"

"ከሞቀ ቦታ አውጥተህ ብርድ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ለምን አይመታውም? ዳማከሴ ጨምቅና በአፍንጫው አድርግለት።"

ዳማከሴው ከግቢያችን ተገኘ። አፍንጫው ግን አልተገኘም። ቸኮለ ሽታው ገና ከሩቅ ሲደርሰው ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ዘጋ። ይወጣል ብለን ጠበቅን። ከድርና እኔ ሱቁ ደጃፍ ላይ በደረታችን ተኝተን፣ የተጨመቀ ቅጠል በጣታችን ይዘን፣ አንድ ቀዳዳ ስንመለከት ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴት ደረሰችብን። ምን እንደምናደርግ ሳትጠይቅ ሳሙናዋን ትታ ሄደች። በመጨረሻ ዳማከሴውን ያሸተትነው እኛው ነን፤ ለነገሩ ጉንፋኔ ለቀቀኝ።

በማግስቱ ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ያለ ፋርማሲ ገባሁ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። እስኪ ፍረዱኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ "ለኤሊ ነው" እንዴት ይባላል?

"ለማን ነው?" አለች ፋርማሲስቷ።

"አብረውኝ ለሚኖሩ። ቸኮለ ይባላሉ።"

"ዕድሜያቸው?"

"በውል አይታወቅም። አንጋፋ ናቸው።"

"ምናቸውን ነው ያመማቸው?"

"አንገታቸውና እግራቸው መታጠፊያ ላይ ይነጣል፣ ይላጣል።"

"ያሳክካቸዋል?"

"እንጃ። እጃቸው እዚያ አይደርስም።"

ፊቷ በሐዘን ተለወጠ። "ምግብስ ይበላሉ?"

"ድሮም ጎመንና ቲማቲም እንጂ ሌላ አይቀምሱም። አሁን እሱንም ትተዋል።"

"ጾመኛ ናቸው ማለት ነው። ይራመዳሉ?"

"ቀስ እያሉ።"

"ወንድሜ፣ እንዲህ ለደከሙ ሰው ሐኪም ሳያያቸው መድኃኒት አልሰጥህም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ይማርልህ" አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትም በአንድ ድምፅ ይማርልህ አሉ። አሜን ብዬ ወጣሁ። ምን ልበል?

ወደ ጋሽ ቶሎሳ ሄድኩ። እሳቸው ቸኮለን እንደ ጥጃ በሁለት እጃቸው ያዙት። "ይሄ የከብት ጭርት ነው የሚመስለው። እኛ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው የምንቀባው" አሉ። ከሾፌር ቤት ለወጣ ኤሊ የሞተር ዘይት ነውር አይሆንበትም ብዬ ራሴን አሳመንኩና ከአንድ ጋራዥ በቆርቆሮ ይዤ መጣሁ። ልቀባው ስል ቸኮለ አንገቱን ትንሽ አውጥቶ አየኝ። ክፋት የሌለው አስተያየት ነው። ቅቤ ስቀባውም እንዲሁ ነበር ያየኝ። ጋሽ ቶሎሳም ቀረብ ብለው አዩና "ቆይ፣ ይሄ ደም አለበት። ይሄን አትንካው። ላሜን ያዳነቻት ልጅ ጎፋ አለች፣ እሷ ጋ ውሰደው" አሉኝ። ዘይቱን ወስጄ የበሩን ማጠፊያ ቀባሁበት።

ቸኮለን ዘንቢል ውስጥ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጥቂት እንደሄድን ጭንቅላቱን አወጣ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አማተቡ።

"ምንድነው ልጄ?"

"ኤሊ ነው እናቴ። ታሞ ወደ ሐኪም እየወሰድኩት ነው።"

ታሞ ማለቴን መኪናው በሙሉ ሰማ። በቃ፣ ጎፋ እስክንደርስ ምክክር ሆነ። አንዷ ሎሚ አለች፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር አለ። እናትየዋ ጠበል ይሻለዋል አሉ። ሾፌሩ በመስታወት እያየ አጎቱን እንዲህ ዓይነት ነገር ይዞት በአመድ መዳኑን ነገረን። ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ ቀስ ብሎ "ፈንገስ ይሆናል" ቢል የሰማውም የለ። ስወርድ ረዳቱ ዘንቢሉን በጥንቃቄ አቀበለኝና "አይዞህ፣ ይተርፋል" አለኝ። ይህች ከተማ አንዳንዴ ደግ ናት።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ቦት ጫማ አድርጋ፣ አንዲት ፍየል ስታክም ነው የደረስኩት። ቸኮለን ስታይ ፈገግ አለች። "እውነቱን ልንገርህ፣ ላምም ውሻም ዶሮም አክማለሁ፣ ኤሊ ሲመጣልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው" አለች። ከዚያ ስልክ አንስታ ያስተማሯትን ሰው ጠየቀች። እንደማታውቅ የምትናገር ሐኪም ሳገኝ እኔም የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው አመንኳት።

"የት ነው የሚተኛው?"

ኮራ ብዬ ተረኩላት። ሳፋው፣ እርጥብ ጎመኑ፣ ጋቢው፣ አልጋ ስር፣ የጠዋት ጠዋቱ ለብ ያለ ውኃ። ስናገር እሷ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ሌላስ የተደረገለት ነገር አለ?"

"ቅቤ።"

"ምን ዓይነት ቅቤ?"

"ለጋ" አልኩ፣ ጥራቱን የተጠራጠረች መስሎኝ።

ከአንገቱ ላይ የተላጠውን በስለት ቀስ ብላ ፋቀች፣ መስታወት ላይ አድርጋ ጠብታ ጣለችበት፣ ማይክሮስኮፑ ስር አስገብታ ቆየች። ከዚያ "ና እይ" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀጫጭን ክሮች፣ ቅርንጫፍ እያወጡ የተጠላለፉ።

"ፈንገስ ነው። እርጥበት ይወዳል፣ ጨለማ ይወዳል፣ ሙቀት ይወዳል። አንተ ይህን ሁሉ አሟልተህ በላዩ ቅቤ ጨመርክለት" አለች። አነጋገሯ የቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "እስካሁን ቆዳው ላይ ነው ያለው። ወደ ውስጥ ከገባ ግን አናድነውም።"

እዚያው ፍየሏ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። እኔ ሰውን ለመጉዳት አስቤ አላውቅም፤ ይሄን ኤሊ ግን በፍቅር ልገድለው ነበር። ዶክተሯ አየችኝና "ማንም ሊሳሳት ይችላል። እንዲህ ላለው እንስሳ ከብርድ ይልቅ እርጥበት እንደሚብስበት ማን ነግሮህ? ይድናል፣ ግን መቸኮል የለም" አለች። ሆዱን ልታይ ገለበጠችው። "ስሙ ማን ነው አልከኝ?"

"ቸኮለ።"

"ሴት ናት እኮ። ሆዷ ዝርግ ነው፣ ጭራዋም አጭር ነው። እንቁላል የምትጥል እመቤት ናት።"

በዚያ ሰዓት ይሄን የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም። እኔ እሱ ማለት ለምዶብኛል፤ እናንተም ታገሡኝ። ለእትዬ ዘነበች ግን ዓይናቸው እስኪድን እንደማልነግራቸው ወሰንኩ።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ሳፋው ተጣለ፣ ጋቢው ታጠበ። ደረቅ ካርቶን ውስጥ ደረቅ ወረቀት ይነጠፋል፣ በየቀኑ ይለወጣል። ቁስሉ በውኃ በቀጠነ አዮዲን ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ ተደርጎ ይደርቃል፣ የፈንገስ ቅባት ስስ ተደርጎ ይቀባል። ስስ የሚለውን ዶክተሯ ዓይኔን እያየች ደጋግማ ነገረችኝ። ከዚያ ፀሐይ፣ ብዙ ፀሐይ።

የታዘዘውን ይዤ ፋርማሲው ተመለስኩ። ፋርማሲስቷ ገና ስታየኝ "ጋሽ ቸኮለ እንዴት ናቸው?" አለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበች። እንደገና አነበበች። ቀና ብላ ብዙ ጊዜ አየችኝ።

"ኤሊ" አለች።

"አዎ።"

"እኔ አባትህ መስለውኝ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ስማቸውን ጠርቼላቸዋለሁ።"

"አልከሰርሽም፣ ያስፈልጋቸዋል" አልኳት። ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ መድኃኒቱንም አጠቃቀሙንም በደንብ አድርጋ ሰጠችኝ።

የቀረው ፀሐይ ነው። በሐምሌ፣ አዲስ አበባ፣ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ዶክተሯ ደመና ሲሆን አምፖል አብራለት ብላለች፤ አምፖሉን በሰቀልኩ ቀን መብራት ጠፋ። በዚህ ጊዜ ከድር የምቹን ምርመራ ትቶ ኃላፊነቱን ወሰደ። የቤቴን ቁልፍ ሰጠሁት። ደመናው ገለጥ ሲል ደንበኛ አቁሞ ቸኮለን ያወጣና የሱቁ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ በላዩ ተሻግሮ ይገባል። "ተጠንቀቁ፣ በሽተኛ አለ" ይላል ከድር። ሳሙናዋን ትታ የሄደችው ሴት እንኳ ቆይታ ቲማቲም ይዛ መጣች። ጋሽ ቶሎሳ በየጠዋቱ እየመጡ ያዩታል፣ "ዘይቱ ይሻል ነበር" ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ደም አለበት ብለው ያስቆሙኝ እሳቸው መሆናቸውን ረስተውታል።

እኔ ደግሞ ማታ ከሥራ ስመለስ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እቀባለሁ። በዚያ መሀል ማውራት ጀመርኩ። ስለ አለቃዬ ነገርኩት፣ ስለማይከፍል ደንበኛ ነገርኩት፣ ብቻዬን መብላት እንደሰለቸኝም ነገርኩት። ሰሚ ነው። እትዬ ዘነበች ለምን በሩ ላይ እንደሚያመሹ ያኔ ገባኝ። ስልኩ ግን በየምሽቱ ይጮኻል፣ እኔም በሩ አጠገብ ቆሜ "ደህና ነው" እላለሁ፣ እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው "እሺ ልጄ" ይላሉ። ያቺ ዝምታ ትከብደኝ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ነጩ ነገር መርገፍ ጀመረ። ከስሩ ሐመር ያለ ንጹሕ ቆዳ ወጣ። መብላትም ጀመረ። አንድ ምሽት በሩ አጠገብ ቆሜ ከእትዬ ዘነበች ጋር ሳወራ፣ የቤቴን በር ክፍት ትቼው ኖሯል፣ ከኋላዬ የሆነ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። ዞር ስል ቸኮለ ነው። እግሬን አልፎ ሄደና በሩን ገጨው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። "እትዬ" ብዬ ልናገር ስል መስመሩ ተቋረጠ። ብደውል አይነሳም። የኛን ሰፈር ኔትወርክ ረግሜ ቲማቲም ፍለጋ ገባሁ።

እትዬ ዘነበች የመጡት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ቸኮለ ጋ ሄደው ቁጭ አሉ፣ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ስንት ዘመን በዳሰሳ የሚያውቁትን አንገት አሁን በጥራት እያዩት ነው። ሐመር ያሉት ቦታዎች ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ስንት ጊዜ የተለማመድኩት ንግግር ከአፌ ጠፋ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ። ቅቤ ቀብቼው..."

"ታሞ እንደነበር አውቃለሁ" አሉኝ።

"ማን ነገርዎት? ከድር ነው?"

"ማንም አልነገረኝም። አመሻሽ ላይ የምደውለው ያንተን ድምፅ ለመስማት መሰለህ? ደህና ነው ትለኛለህ፣ ከኋላህ ግን ቆርቆሮው ዝም ይላል። በየቀኑ ዝም ይላል። እንዳልጠይቅህ አንተ ይብስ ትሸበራለህ። የምትለፋለት መሆኑ ከድምፅህ ያስታውቃል።"

እኔ ለሳቸው ዓይን ብዬ ስዋሽ እሳቸው ለኔ ልብ ብለው ያመኑኝ መስለው ከርመዋል። ከዚያ አንዴ ከተጀመረ ብዬ "ሌላም ነገር አለ። ዶክተሯ ቸኮለ ሴት ናት ብላለች" አልኳቸው።

ሳቁ። "እሱንማ ድሮ ነው የማውቀው። ከውኃ ታንከሩ ኋላ እንቁላል ጥላ አግኝቻት ነበር። ሰውዬው ጋቢና ውስጥ ወንድ ጓደኛ ያገኘ መስሎት ደስ ብሎታል፣ ምን ልበለው? እንቁላሉን ቀበርኩና ዝም አልኩ።"

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። ቸኮለ አንገቱን መዘዘ፣ ዞረ፣ ጉዞውን ወደ በሩ ጀመረ። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ከኋላው ይመለከቱታል።

"በሩን የገጨ ቀን ድምፁን ሳይሰሙ መስመሩ መቋረጡ ነው የሚቆጨኝ። ኔትወርካችን..." አልኩ።

"ኔትወርኩማ ደህና ነበር" አሉኝ። "ማልቀስ ተከልክያለሁ፤ ለሰናይት እንዳትነግርብኝ።"